እናቴን ሊያገባ የመጣው ከባድ ሚዛን

ባለፈው ሳምንት ሻኪሶ ውስጥ ፀጉሬን ልስተካከል ገብቼ ጆሮዬን ትቼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም። ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ተራ የሚጠብቁት ከወርቅ ጉድጓድ የወጡ ልጆች ናቸው፤ ቦቲያቸው ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን በዓለም ታሪክ ታላላቅ የሚባሉትን አሥር የከባድ ሚዛን ቦክሰኞች ከታች ወደ ላይ እየቆጠረ ያቀርባል። አራተኛው ላይ ሲደርስ ጠብ ተነሳ።

"እንዴት አራተኛ ይሆናል? ሰውዬው እኮ በሬ ይጥላል!" አለ አንዱ።

"የፈለገውን ይጣል! የገጠመው ጡረታ የወጣ ሰው ብቻ ነው!" አለ ሌላው።

ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን እንደያዘ ክርክሩ ውስጥ ዘው አለ። ምላጩ ሥር ያለው ጆሮ የእኔ መሆኑን የረሳው ይመስለኛል። ትንሽ ቆይቶ ትዝ ሲለው በመስታወቱ አየኝና፣ "ጋሼ፣ አንቱ አስተማሪ አይደሉ? እስቲ ይፍረዱን። ከሁሉም የሚበልጠው ማን ነው?" አለኝ።

"እሱን አላውቅም። ግን አንድ ጎሚስታ ረስታችኋል" አልኩት።

ሳቁብኝ። ይሳቁ። እነሱ ሳይወለዱ እኔ ከባድ ሚዛን ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝ። ደግሞም ሰው ቶሎ የማምን አይደለሁም፤ እናቴ "አንተ ገና ስትወለድ አዋላጇን ከላይ እስከ ታች የገላመጥክ ልጅ ነህ" ትለኛለች። የምነግራችሁን ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ጠርጥሬዋለሁ። ስለዚህ ስለ እሱ የምለውን ብታምኑኝ አይከፋም።

ነገሩ የሆነው ነገሌ ነው። መንግሥት ተለውጦ፣ የድሮው ጦር ተበትኖ፣ ከተማዋ የቀድሞ ወታደር የሞላባት ሰሞን ነበር። አባቴ ሃምሳ አለቃ ነበር፤ ወደ ሰሜን ዘምቶ ሳይመለስ ቀረ። እኛም አገራችን ጎጃም ሆኖ ሳለ፣ ካምፑ አጠገብ በተሠሩት ባለ አንድ ክፍል ቤቶች ውስጥ ቀረን። በዚያን ጊዜ ነገሌ ውስጥ ተራ ወታደር የነበረ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ሁሉም ወይ የጄኔራል አጃቢ ነበር፣ ወይ አንድ ተራራ ለብቻው ይዞ ያደረ ነው። መታወቂያው የጠፋበት ሁሉ ለራሱ ማዕረግ ይሰጣል። እንዲህ ባለ ከተማ ያደገ ልጅ ተጠራጣሪ ቢሆን ምን ይገርማል?

እኔ ማትሪክ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ ሁቃ ከሚባል የቦረና ጓደኛዬ ጋር ቪዲዮ ቤት እንሠራ ነበር። ቪዲዮ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ የሁቃ አጎት የቆዳ መጋዘን ነው። የቆዳው ሽታ አልለቀቀም ነበር፤ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ደግሞ የናፍጣው ሽታ ይጨመርበታል። ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ሲያግለው ውስጡ ያለው ሰው እንደ ድንች ይቀቀላል፤ ግን ማንም አይወጣም። ሁቃ በር ላይ ይቆማል፣ እኔ ቴፑ አጠገብ ቆሜ እንግሊዝኛውን አስተረጉማለሁ። የገባኝን እንዳለ እናገራለሁ። ያልገባኝን ደግሞ ከራሴ እጨምራለሁ፤ ዳኛው ሁለቱን ቦክሰኞች መሃል ጠርቶ ሲያናግራቸው "እናቶቻችሁ ይህን ቢያዩ ምን ይላሉ እያላቸው ነው" ብዬ አውቃለሁ። ሕዝቡ ይህን በጣም ይወደው ነበር።

ቦክስ የተቀዳባቸው ካሴቶች ከሞያሌ በኩል ይመጡልናል። የቦክሰኞቹን ስም ማንም በትክክል አይጠራም፤ እኛው ስም አውጥተንላቸው አንዱ ዳንሰኛው፣ ሌላው አንገቴ ይባሉ ነበር። ዳንሰኛው ይበልጣል፣ የለም አንገቴ ይበልጣል እየተባለ፣ ክርክሩ ከቪዲዮ ቤት ወጥቶ በጫት ተራ በኩል አልፎ እስከ መናኸሪያ ይሄዳል። እኔ አስተርጓሚ ስለሆንኩ የመጨረሻው ፍርድ የእኔ ነበር። ዳንሰኛውን አንደኛ፣ አንገቴን ሁለተኛ አድርጌ ፈርጄያለሁ። ፀቡ ሁሉ ሦስተኛው ላይ ነው።

"ሦስተኛው ወርዶፋ ነው" አለኝ አንድ ቀን ሁቃ።

"የትኛው ወርዶፋ?"

"ጎሚስታው ነዋ! የጦር ሠራዊት የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነበር እኮ። ክንዱን አላየህም? የአይሱዙ ጎማ ያለ ክሪክ ነው የሚያነሳው!"

"እንደዚያ ከሆነ ክሪኩንም ሻምፒዮን በለው" አልኩት።

ጋሽ ወርዶፋ ወደ ዶሎ ኦዶ በሚያስወጣው መንገድ ዳር፣ ግራር ሥር ጎማ የሚጠግን ሰው ነበር። የነገሌ እሾህ ለጎሚስታ ሲሳይ ነው፤ ከዶሎ የሚመጣ መኪና ሁሉ እሱ ጋ ሳይቆም አያልፍም። ቁመቱ ከበር ይበልጣል፤ ትከሻው ከቁመቱ ጋር ይፎካከራል። የወለጋ ሰው ነው፣ ጦሩ ሲበተን እዚሁ የቀረ። አየር መንፊያው አጠገብ ምስማር ላይ ሪባን ያለው ሜዳልያ ሰቅሏል። ሾፌሮቹ ሜዳልያውን እያዩ "ሻምፒዮን" ይሉታል፤ እሱም "አቤት" ይላል። ጎማቸው ተለጥፎ እስኪደርቅ እየጠበቁ የሚያወሩት ስለ እሱ ነው። አንዱ ሰው በአንድ ቡጢ ሲያስተኛ አይቻለሁ ይላል፣ ሌላው የተመታው ሰው እስከ ዛሬ መናገር አይችልም ይላል።

እኔ ግን ጠረጠርኩት። በቪዲዮ ያየኋቸው ሻምፒዮኖች አፍንጫቸው የተጣመመ፣ ጆሯቸው የተጨማደደ ነው፤ የወርዶፋ አፍንጫ ቀጥ ያለ፣ ጆሮውም የሙሽራ ጆሮ ነው። ቦክስ ስናሳይ አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ሰካራም ሾፌር ለቀልድ ቡጢ ሲሰነዝርበት፣ ያ ሁሉ ሰውነት ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጋርዶ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በዓይኔ አየሁ። ሜዳልያውም ቢሆን አላሳመነኝም፤ በዚያ ሰሞን ሜዳልያ ከቃሪያ ጋር መሬት ላይ ተዘርግቶ ይሸጥ ነበር። ለሁቃ "ይሄ ሰውዬ ውሸታም ነው" አልኩት። ሁቃ ሁለት ቀን ሙሉ አኮረፈኝ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የቪዲዮ ቤት ጨዋታ ነበር። ከዚያ ጎሚስታው የእናቴን ሻይ መጠጣት ጀመረ።

እናቴ አስናቀች መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ቤት ነበራት። የግመል ወተት ሻይና ትኩስ ቦንቦሊኖ ትሸጣለች፤ ንጋት ላይ ለሚነሱ የጭነት መኪናዎች ከእሷ ቀድሞ የሚከፍት የለም። ወርዶፋ ጥግ ላይ ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ አግዳሚዋ ትንሰቀሰቃለች። ሻዩን ጨርሶ አይሄድም። ዛሬ የበሩን ማጠፊያ ያጠብቃል፣ ነገ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ የውኃ መቅጃ ሠርቶ ያመጣል፤ ቦረናዎች ኤላ ከሚሉት ጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚቀዱበትን ዓይነት፣ እድሜ ልክ የማይቀደድ። አንድ ጠዋት ገና ከደጅ ሳለሁ እናቴ ስትስቅ ሰማሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አባቴ ሳይሞትም ሰምቼ አላውቅም።

"እማ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ፈልጎ ነው?" አልኳት ማታውን።

"ሻይ።"

"ሻይ ሌላ ቤት የለም?"

"የእኔ ይጥመዋል። አንተ ምን ቤት ነህ?" አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ስለ ሞተ ሰው ማውራት ደስ አይለኝም፤ ግን ይህን ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። አባቴ እናቴን ይመታት ነበር። ሰክሮ እንዳይመስላችሁ፣ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ደመወዝ ሲዘገይ ይመታታል፣ የሸሚዙ ቁልፍ ሲጠፋ ይመታታል፣ ዝም ስትል ለምን ዘጋሽኝ ብሎ ይመታታል። ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ ግድግዳው ጭቃ ነው። ማንም አይናገርም። እኔና እናቴም ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። አባቴ ቀጭን ሰው ነበር። ቦክሰኛ ቢሆን ቀላል ሚዛን ውስጥም በግድ ነው የሚገባው። እንግዲህ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፦ ቀላል ሚዛን እንዲያ ካደረጋት ከባድ ሚዛን ምን ያደርጋታል?

ጭንቀቴ ይህ ነበር። ሰውየው ከዋሸ ውሸታም የእንጀራ አባት ሊመጣብኝ ነው። ካልዋሸ ደግሞ የባሰ። በየትኛውም በኩል ባየው የሚያስደስት አልነበረም፤ ቢሆንም የትኛው እንደሆነ ማወቅ ፈለግሁ።

ከጋሽ ወርዶፋ ጋር አንድ ክፍለ ጦር ውስጥ የነበረ አሥር አለቃ ሻኪሶ ወርቅ ይቆፍራል ሲሉ ሰማሁ። እናቴን ለቪዲዮ ቤቱ ካሴት ላመጣ ነው ብያት ቦሬ ወጥቶ ገብስ ሊጭን በሚሄድ ባዶ አይሱዙ ላይ ተሳፈርኩ። የጥቅምቱ ዝናብ፣ ቦረናዎች ሀጋያ የሚሉት፣ በዚያ ሳምንት ነበር የጀመረው። ቀዩ አፈር ረጥቦ ይሸታል፣ ኩይሳዎቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ትናንት ደረቅ የነበረው ግራር ሁሉ ቅጠል አውጥቷል። ክብረ መንግሥት ስንጠጋ ጫካው መጣ፣ ብርዱም መጣ። ሾፌሩ ከረዳቱ ጋር ስለ ሻምፒዮኑ ቡጢ ያወራል። እኔ ጆንያ ተከናንቤ ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

አሥር አለቃውን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ገበቴ ሲያሽከረክር አገኘሁት። የወርዶፋን ስም ስጠራለት ፊቱ በራ።

"የእኛ ወርዶፋ! ሻምፒዮኑ! አለ እንዴ በሕይወት?"

"እውነት ሻምፒዮን ነበር?"

"ምን ጥያቄ ነው? በየዓመቱ እጁ ሲነሳ፣ የማርሽ ባንዱ ሲመታ፣ እኔ ራሴ ነኝ ሳጨበጭብ የኖርኩት። ክፍለ ጦራችን ዋንጫ የወሰደው በእሱ ነው።"

ለካ ውሸታም እንዲሆን ተስፋ ሳደርግ ነበር። "ሲመታስ? እንዴት ነበር የሚመታው?" ብዬ ጠየቅሁት።

አሥር አለቃው ገበቴውን አቆመ። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። "እሱን ራሱን ጠይቀው ወንድሜ። እኔ ጓደኛዬን አላሳጣም" አለኝ። ብለምነውም፣ ሲጋራ ብገዛለትም ሌላ ቃል አልወጣውም።

አላሳጣም? ምን የሚያሳጣ ነገር አለ? ስመለስ መንገዱን ሙሉ ይህችን ቃል ሳመነዥክ መጣሁ። ነገሌ ስደርስ ነገሩ ጭንቅላቴ ውስጥ አልቆ ነበር፤ ሰውየው የቦክስ ሪንግ ውስጥ ሰው ገድሏል፣ ጓደኞቹም ደብቀውለታል። ቦክስ የማይመለከተው ለዚህ ነው። እጁን የሚሰበስበው ለዚህ ነው። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። ተጠራጣሪ ሰው ሁልጊዜ ሁሉም ነገር ይገጥምለታል።

ለእናቴ ልነግራት ስገባ እሷ ቀደመችኝ። "እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። የቤቱ ታላቅ አንተ ነህ፣ መልሱን የምትሰጠው አንተ ነህ" አለች፤ ፊቷን ግን ከምድጃው አላነሳችም።

"እኔ? እናቴን እኔ ልዳር?"

"ታዲያ ወንድሞቼን ከጎጃም ማን ያምጣቸው? አንተ ነህ ያለኸኝ።"

"ሻምፒዮን ነበር የሚባለው እውነት ነው እማ። ሻኪሶ ሄጄ አጣርቻለሁ።"

"እና?" አለች።

እና ምን ልበላት? ስለ አባቴ በቤታችን ተወርቶ አያውቅም። "እናማ ከባድ ሰው ነው" ብዬ ወጣሁ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ነገሌ የሁሉም አገር ሰው ከተማ ስለሆነች ሽማግሌውም ቅይጥ ነው። ጋሽ ሞላ የአባቴ የድሮ ጓደኛና የግድግዳ ጎረቤታችን ናቸው። ሁለተኛው ጸሎት ከጀመሩ የማይጨርሱ የክሊኒክ ድሬሰር ናቸው። ሦስተኛው አባ ጉዮ፣ ጥምጣማቸው ነጭ፣ በትራቸው ከእጃቸው የማይለይ፣ ከብት የሚነግዱ የቦረና ሽማግሌ። ባህሉ ጠያቂው ራሱ አይምጣ ቢልም፣ ወርዶፋ ከደጅ ግራሩ ሥር ቆሟል። ሁቃ ዘመድ መስሎ በር ላይ ተደግፏል። እናቴ ክፍሏን ለሁለት ከሚከፍለው መጋረጃ ኋላ ተቀምጣለች።

"አካም? ናጋ?" አሉ አባ ጉዮ።

"ናጋ" አልኩ።

ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ወተቱ ከተጠያየቅን በኋላ ድሬሰሩ ጸለዩ። ወተት ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ ጋሽ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ልጄ፣ የመጣነው ለመልካም ነገር ነው" ብለው ጀመሩ። የማይጠጣ፣ ሥራ የሚወድ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ አሉ። በመጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ደግሞም ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ በከባድ ሚዛን መላውን ሠራዊት ያንበረከከ ጀግና ነው። እናትህን ማን ይደፍራታል?" አሉ።

አፌን ከፈትኩ። የምለውን በቃሌ አጥንቼ ነበር፤ ግን እናቴ መጋረጃው ኋላ ትሰማለች፣ ጋሽ ሞላም የአባቴ ጓደኛ ናቸው። "እኔ... ይሄ ቦክስ የሚሉት ነገር አልገባኝም" ብቻ አልኩ። የከባድ ሚዛን አስተርጓሚው እኔ!

አባ ጉዮ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እኔንም አልገባኝ" አሉ በዚያ በሚጎትቱት አማርኛቸው። "የሚመታው ጠላት ነው?"

"ኧረ አይደለም አባ፣ የራሱ ጓድ ነው" አሉ ጋሽ ሞላ።

"ጓዱን? ከብቱን ወስዶበት?"

"የለም፣ ለዋንጫ ነው።"

አባ ጉዮ ጥቂት አሰቡና "ሰውየው ይግባ" አሉ። "እኔ ለማላውቀው ነገር አፍ አልሆንም። በእኛ ዘንድ ሰው ያደረገውን ራሱ ቆሞ ይናገራል።" ጋሽ ሞላ ባህሉ አይደለም ብለው ሊከላከሉ ሞከሩ፤ የሚሰማቸው አልተገኘም። ወርዶፋ ጎንበስ ብሎ ገባ። ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጧል። ክፍሉ ጠበበ።

"ወርዶፋ፣ ኤኙ ሩኩቴ?" አሉት አባ ጉዮ። ሁላችንም እንድንሰማ ደግሞ በአማርኛ ደገሙት፤ "ማንን መታህ?"

እኔ ወደፊት አጎነበስኩ። የሟቹን ስም ልሰማ ነው።

ወርዶፋ ቆቡን አየ። "ማንንም" አለ።

"ማንንም?"

"ማንንም አልመታሁም አባ።"

ጋሽ ሞላ "ምን ማለትህ ነው?" ብለው ሊነሱ ሲሉ አባ ጉዮ በበትራቸው አስቀመጧቸው። ወርዶፋም ተናገረ፤ ልብስ እንደሚያወልቅ ሰው ቀስ እያለ። "ክፍለ ጦሩ ለዋንጫ ሲወዳደር በየሚዛኑ ሰው ይጠየቃል። እኔ የጋራዥ ሰው ነበርኩ። ሚዛን ላይ አወጡኝና ከባድ ሚዛን ነህ አሉኝ። ሌላው ክፍለ ጦር ደግሞ ከባድ ሚዛን የሚሞላ ሰው የለውም፤ ያን ጊዜ ወታደሩ ሁሉ ቀጭን ነው፣ ምን በልቶ ይወፍራል? ጓንት አጥልቀውልኝ ሪንጉ ውስጥ ያቆሙኛል። ዳኛው ያንኛውን ጥግ ያያል፣ ሰው የለም። ፊሽካውን ይነፋል፣ እጄን ያነሳል፣ ባንዱ ይመታል። በፎርፌ ነው አባ። በየዓመቱ በፎርፌ። እንዳልከሳባቸው የሁለት ሰው ራሽን ይሰጡኝ ነበር።"

"እሺ፣ አንድስ እንኳ አልመጣም?" አልኩ ሳላስበው።

"አንድ ዓመት ከባሕር ኃይል አንድ ትልቅ ሰው ተገኝቷል ተባለ።" አሁን እኔን አየኝ። "ያን ሳምንት ምግብ አልበላ አለኝ። እንዳይመታኝ አይደለም የፈራሁት፣ ይምታኝ። መምታቱ ነው። ሰው ፊት ላይ... እጄ አይሄድልኝም። ሰውየው ወባ ይዞት ቀረ። ያን ጊዜ ዋንጫውን ይዤ ሳለቅስ በደስታ ነው ብለው ጻፉልኝ።"

በር ላይ ሁቃ "ዋ! እኛ እኮ ሦስተኛ አድርገነው ነበር" ሲል ሰማሁት፤ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ጋሽ ሞላ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያሞገሱት ጀግና እጃቸው ላይ ሟሟ። እኔ ግን በቀላሉ አልለቅም። "ታዲያ ከተማው ሁሉ ሻምፒዮን ሲል ለምን ዝም አሉ?" አልኩት።

"ሻምፒዮን ነኛ" አለ፤ ከልቡ ነው። "ሜዳልያው የእኔ ነው፤ አልሰረቅሁትም። ማንን መታህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።"

ድሬሰሩ እንኳ ጸሎት አላማራቸውም። ጋሽ ሞላ ነጠላቸውን አውርደው ሊያሳርጉት ሞከሩ፤ "እንግዲህ ልጄ፣ ነገሩ እንዲህ ከሆነ... እኛም አላወቅንም..." እያሉ።

"ልጄ" የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ መጣ። "እሺ በላቸው።"

ሴት በሽማግሌ መሃል እንዲህ ስትገባ ታይቶ አይታወቅም። ጋሽ ሞላ ደነገጡ። "አስናቀች፣ አልሰማሽም መሰለኝ። ሰውየው እኮ ማንንም አልመታሁም ነው የሚለው።"

"ሰምቻለሁ ጋሽ ሞላ" አለች እናቴ። "ለዚህ ነው እሺ ያልኩት።"

ማንም ማንንም አላየም። የጎረቤታችን የጋሽ ሞላ አንገት ቀስ ብሎ ጎነበሰ፤ ያ የጭቃ ግድግዳ ለእሳቸውም ግድግዳ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ሰምተው ዝም ያሉትን ነገር በዚያች ቅጽበት እንደገና የሰሙት መሰለኝ። ነገሩ ያልገባቸው አባ ጉዮ ብቻ ነበሩ፤ ወይም ከሁላችንም በፊት ገብቷቸው ነበር። "ጋሪ፣ ጥሩ ነው" አሉና መረቁ። እኔም "እሺ" አልኩ።

ሠርጉ ምሳ ነበር። ከቦሬ በመጣ ገብስ ጩኮ ተሠራ፣ የመናኸሪያ ሾፌሮች ፍየል አመጡ። ከማግስቱ ጀምሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሁቃ "እንሰርዘው" ብሎ ጀመረ። ሰው ያልመታ ሰው ከባድ ሚዛን ውስጥ ምን ይሠራል? ነው የሚለው። እኔ "ቆይ፣ ይታያል" አልኩት። አምኜው እንዳይመስላችሁ! አልመታም ያለ ሁሉ የማይመታ ቢሆን ይህች ምድር ገነት በሆነች ነበር። ሰው ባዶ ጥግ ፊት ቆሞ ደግ መሆኑ ምን ይገርማል? ጥያቄው ፊቱ ሰው ሲቆም ነው፤ ያውም ደክሞት፣ ገበያ ጠፍቶ፣ ሻዩ ቀዝቅዞ።

ስለዚህ ጠበቅሁ። ሐዋሳ መምህራን ማሠልጠኛ ገብቼ ሳለሁ ለእረፍት የምመጣበትን ቀን አልናገርም። መምህር ሆኜ ሻኪሶ ከተመደብኩ በኋላም ሳላሳውቅ ጭነት መኪና ላይ ተሰቅዬ እመጣለሁ፤ በሩን ሳላንኳኳ እገባለሁ። የእናቴን ክንድ አያለሁ፣ ጉንጯን አያለሁ፣ ሻርፕ ካሰረች ሻርፑ ሥር ምን እንዳለ ለማየት እሞክራለሁ። ጎረቤት እጠይቃለሁ። ጎማ ቤቱ ሲቃጠልበትና በድርቁ ዓመት መኪና ሁሉ ሲጠፋ ሁለቱንም ጊዜ ሄጃለሁ። እሱ ያውቅ ነበር ለምን እንደምመጣ። አንድም ቀን ተቀይሞ አያውቅም፤ "ናጋ?" ብሎ ወንበር ይስብልኛል፣ ከዚያ ተነስቶ ይወጣል፣ እናቴን ብቻዋን እንዳያት። ይህንንም ጠርጥሬዋለሁ። ከዚህ በኋላ ደግሞ አያፍርም? ትሉኛላችሁ። አላፍርም። በዚያ ቤት ውስጥ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የሚጠረጥር ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

አምና በሚያዝያው ዝናብ እንደ ልማዴ ሳልደውል ሄድኩ። ሁለቱም አርጅተዋል። ወርዶፋ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎታል፤ እናቴ ዓይኗ እንጂ ምላሷ አልደከመም። ስገባ እየተጨቃጨቁ ነበር። እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፣ እሱ የጉልበቱን መድኃኒት አንሥተሽ ደብቀሽብኛል ይላል። ጮኸ። እሱ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ተነሣ፣ ወደ እሷ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ያን የሚያህል እጁን በራሷ አቅጣጫ ሽቅብ አነሳው። እኔ ገና በሩ ላይ እንደቆምኩ ነኝ።

እናቴ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ፣ ከምስማር ላይ ቆቡን ሊያወርድ እጁን ባነሳ ቁጥር አንገቷን ወደ ትከሻዋ ትቀብርና ክርኗን ወደ ፊቷ ታመጣ ነበር። እንደምታደርገው ራሷም አታውቅም። ከሞተ በኋላም ቀረባት ማለት አይቻልም፤ የአውቶቡስ ረዳት ዕቃ ሊያወርድ እጁን ሲዘረጋ፣ ካህን ሊባርክ እጁን ሲያነሳ፣ አንገቷ ጠልቆ አይቻለሁ። እኔ ልጇ እንኳ ከኋላዋ ካለ መደርደሪያ ሳህን ላነሳ ስል አስቀድሜ "እማ፣ እኔ ነኝ" ማለትን ለምጄ ነበር።

የወርዶፋ እጅ ከራሷ በላይ አልፎ መደርደሪያው ላይ አረፈ፤ መድኃኒቱን ፍለጋ ይዳብሳል። እናቴ ምስሯን ትለቅማለች። አንገቷ አልተነቃነቀም። ዓይኗ እንኳ አልተርገበገበም። "ከጣሳው ኋላ ነው ያለው፤ ምን ያንኳኳሃል? ደግሞ አቧራውን ምስሬ ላይ አታራግፍብኝ!" አለችው።

"ልጁ ቆሟል፤ ወንበር አልሰጠሽውም?" አላት እሱ፤ መድኃኒቱን አግኝቶ ነበር።

ወንበሩን ራሴ ስቤ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ስጠብቅ የኖርኩት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ፤ የእሱን እጅ ብቻ ስጠብቅ የእሷን አንገት ማየት ረስቼ ነበር። መቼ እንደተወችው አላውቅም። አንድ ቀን፣ ማንም ሳያይ፣ እሷም ሳታውቀው ትታዋለች።

ከዚያ ወዲህ ነገሌ ስሄድ ቀድሜ እደውላለሁ።